ጠርሙሱን ማን ቀመሰልን?

በዚህ ዓምድ ስለ ኪራይ ውል፣ ስለ ልጆች ክትባትና ስለ ባንክ ወረቀቶች ስንጽፍ መቆየታችን ይታወሳል። የዛሬው ጉዳያችን ቢራ ነው። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ስለ መጠጥ ብዕር ያነሱት «ተዉ» ለማለት ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜ የምንለው ይኸንኑ ነውና። ዛሬ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ራሳችንም ቀምሰናል።

ጉዳዩ የተነሣው ከአንድ ቤተሰብ ነው። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ከጎንደር ከመጡት ወገኖቻችን መካከል ናቸው፤ መርከዝ ቅሊታውን ለቀው በራሳቸው ቤት መኖር ከጀመሩ ብዙ ጊዜ አልሆናቸውም። ስማቸውንም ከተማቸውንም አንጠቅስም፤ ታሪኩን እንድንጽፈው ግን ፈቅደውልናል። አባትየው አንድ ቀን ወደ ቢሯችን መጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከተቀመጡ በኋላ «ልጄ ሊጠፋብኝ ነው» አሉን። ምን ሆነ ብለን ስንጠይቃቸው፣ የበኩር ልጃቸው ከጦር ሠራዊት ከወጣ ጀምሮ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት እንደሚሠራ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቢራ ይዞ እንደሚገባ፣ እርሳቸውም ጠርሙሱን ባዩ ቁጥር እንደሚቆጡ ነገሩን። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ቃል ሳይለዋወጡ በልተዋል።

ልጁን ለብቻው አነጋገርነው። «እኔ የምጠጣው አንድ ጠርሙስ ነው» አለን። «የማመጣው ግን ሦስት ነበር፤ አንዱ ለአባየ፣ አንዱ ለእማየ። አባየ ሊያዩትም አልፈለጉ። ስለዚህ ጠርሙሴን ይዤ ክፍሌ እገባለሁ።»

ማን ልክ ነው፣ ማን ተሳሳተ ከማለታችን በፊት መጠጡ ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ ተባባልን። በተከታዩ ሐሙስ ማታ ሁለት ሆነን ወደ ቤታቸው ሄድን።

እናትየው ቡና አፍልተው ነበር የጠበቁን። ቡናው ካለቀ በኋላ ልጁ ሦስት ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ወዲያው ግን አልከፈተም። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታው ይታፈናል፣ ትንሽ ይቆይ አለ። በሥራ ቦታው የተማረው ነው። የጠማቂውን ስም አንጽፍም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብን። ከአገራችን ትንንሽ ጠማቂዎች የአንዱ ሥራ መሆኑን፣ ዓይነቱም «ፔል ኤል» የሚባለው መሆኑን መናገር ይበቃል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጁ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ በዝግታ ቀዳ። ሁሉንም አልቀዳም፤ ከጠርሙሱ ሥር አንድ ጣት የሚያህል አስቀረ። እናትየው ይህን አይተው «ለምን አስቀረኸው?» አሉት።

«ታች ደለል አለ፣ እማየ።»

ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ መብራቱ አነሱና አዩት። «ደለል አይደለም። አተላ ነው» አሉ።

ከዚያች ቃል በኋላ የቤቱ አየር ተለወጠ። እናትየው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ግን ስለዚህ ሙያቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅናቸውም። ቢሯችን ያለው ቅጽ «በቤተሰቡ ውስጥ አልኮሆል የሚጠጣ አለ ወይ? በሳምንት ስንት ጊዜ?» ይላል፤ ማን እንደሚጠምቅ አይጠይቅም። ጠላ እንደ አልኮሆል ስለማይቆጠር ብዙ ሰው «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ እኛም «የለም» ብለን ጽፈን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፋለን። ኮሌጅ ስንማርም ስለ መጠጥ የተሰጠን ትምህርት ሁሉ ስለ ሱስ ነበር። ሱስ መኖሩን አንክድም፤ ሥራችን ነውና በየሳምንቱ እናየዋለን። ግን መጠጥ ጠማቂ፣ ቀጂና ቀማሽ እንዳለው የነገረን አስተማሪ አልነበረም።

ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ቀለሙ ወርቃማ ማር ይመስላል፤ ትንሽ ደመና አለበት። አረፋው ነጭ ነው፣ ቶሎ አይሟሽሽም። ሲያሸቱት የብርቱካን ልጣጭ፣ ይልቁንም እዚህ ኤሽኮሊት የሚሉት መራራ ፍሬ ይሸታል። አንድ ጉንጭ ስንጠጣ መጀመሪያ የተጋገረ ዳቦ ዓይነት ጣፋጭነት መጣ፤ ከዚያ ምሬቱ ከምላስ ኋላ ተነሣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ። ሁለተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው ይቀላል። ከእኛ አንዷ ቢራ አትወድም፤ ይህን ግን ብርጭቆዋን ጨረሰችው።

እናትየው የቀመሱት እንደ ባለሙያ ነው። ትንሽ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩና «ጌሾው ጥሩ ነው፣ አልበዛም። አሻሮ ግን አልገባበትም፤ ለዚያ ነው የነጣው። ዕቃውም አልታጠነም» አሉ።

ልጁ ሳቀ። «ጌሾ አይደለም፣ እማየ። ሆፕስ ይባላል። በዕብራይስጥ ክሹት ነው።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጌሾ በደጋው የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉና እንጨቱ ደርቆ ተወቅጦ ጥንስሱ ውስጥ ይገባል። ሆፕስ ደግሞ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ለቢራ የሚፈለገው አበባው ነው። የቅርብ ዝምድና የላቸውም፣ ሥራቸው ግን አንድ ነው፦ የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬት ማመጣጠንና መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ማገዝ። ቢራ ጠማቂው ሆፕሱን ከብቅሉ ውሃ ጋር ያፈላዋል፤ ቀደም ብሎ የገባው ምሬት ይሰጣል፣ በመጨረሻ የሚጨመረው ደግሞ ሽታ። የኤሽኮሊቱ ሽታ የመጣው ከዚያ ነው እንጂ ፍሬ አልተጨመቀበትም። የእኛ ጠላ ሽታውን የሚያገኘው ከተቆላው እህልና በወይራ ጭስ ከታጠነው ጋን ነው። እናትየው ጭሱን የፈለጉት ለዚህ ነው።

ፔል ኤል የሚለው ስም እንግሊዝኛ ሲሆን «ፔል» ማለት ፈዘዝ፣ ነጣ ያለ ማለት ነው። እንግሊዞች ብቅላቸውን በእንጨት ጭስ ሲያደርቁ ቢራቸው ጠቆር ያለ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጭስ በሌለው ከሰል ማድረቅ ሲጀመር ነጣ ያለ ብቅል ተገኘ፣ ስሙም ከዚያ ወጣ። የኤሽኮሊት ሽታ ያለው የዛሬው ዓይነት ግን ከአሜሪካ ነው የመጣው። በካሊፎርኒያ ግዛት ቺኮ በምትባል ከተማ ሴራ ኔቫዳ የተባለ ትንሽ ጠማቂ በ1980 ፔል ኤሉን መሥራት ጀመረ፤ የተጠቀመበት ካስኬድ የተባለው ሆፕስ በ1972 ለገበሬ የተለቀቀ ዝርያ ነው። ሌሎች ጠማቂዎች ይህን እያዩ ተከተሉ። ወደ እስራኤል የደረሰው ዘግይቶ ነው። ዳንሲንግ ካሜል የተባለው ቢራ ጠማቂ በቴል አቪቭ በ2006 ተከፈተ፣ የከፈተውም ከአሜሪካ የመጣ ዖሌ ነበር። ከዚያ በኋላ በቂርያት ጋት፣ በቤት ሼሜሽ፣ በኤሜቅ ሔፈርና በሌሎችም ቦታዎች ትንንሽ ጠማቂዎች ተከፍተዋል።

አሁን እኛን ያስገረመንን ነገር እንንገራችሁ። አባቶቻችን ከአገር የሚያውቁት ቢራ፣ ጊዮርጊስም ሆነ ዳሽን፣ እዚህም በየሱቁ ያለው ማካቢና ጎልድስታር፣ «ላገር» የሚባለው ወገን ነው፤ እርሾው በብርድ ቀስ ብሎ የሚሠራ። ኤል ግን ልክ እንደ ጠላ በቤት ሙቀት አካባቢ ይፈላል። በጠላ ጥንስስ ውስጥ ዋነኛውን ሥራ የሚሠራው እርሾና የኤል እርሾ አንድ ዘር ናቸው። ብዙዎቹ ትንንሽ ጠማቂዎችም ቢራቸውን አጥርተው ስለማይጨርሱ እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ በሕይወት ይቆያል፤ እናትየው ያዩት አተላ ይኸው ነው። ስለዚህ ልጁ «የፈረንጅ መጠጥ» ብሎ ያመጣው ጠርሙስ ከዳሽን ይልቅ ለእናቱ ጋን ይቀርባል። ልዩነቱ ጠላ ቀን በቆየ ቁጥር እየኮመጠጠ መሄዱ ነው። ፔል ኤል ግን ከኮመጠጠ ተበላሽቷል።

ይህ ሁሉ ሲወራ አባትየው አልተናገሩም። ብርጭቆአቸው ፊት ለፊታቸው እንደተቀዳ ነበር። በኋላ ጠርሙሱን በእጃቸው አንሥተው አገላበጡና «ይህን ማን ቀመሰው?» አሉ።

ልጁ ጥያቄው አልገባውም። እኛም መጀመሪያ አልገባንም ነበር። ያገራችንን ሥርዓት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፦ ጠላ የሚቀዳው ሰው ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መርዝ እንደሌለው ማሳያ ነው፤ መጠጡ መድረሱንና ሰው ፊት መቅረብ መቻሉንም ማረጋገጫ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ይጠጣል፣ የበዛበትንም «ይብቃህ» የሚለው አለ። ጠማቂዋ ትታወቃለች፣ ቤቱ ይታወቃል፣ የጠጪው አባትም ይታወቃል። ይህ ጠርሙስ ግን አፉ ተዘግቶ ከማያውቁት ቦታ መጥቶ፣ ልጃቸው ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ይጠጣዋል። ሰውየው ሦስት ሳምንት የተቆጡት በዚህ ነበር። እኛ ግን ቢሮ ውስጥ «የአልኮሆል ችግር ጥርጣሬ» ብለን ጽፈንባቸዋል። ያንን መስመር በኋላ ሰርዘነዋል።

ለጥያቄያቸው የሰጠናቸው መልስ ይህ ነበር፦ እዚህ አገር ቀማሹ ጽሑፉ ነው። በመዳፍ የሚቀምስልን ሰው ስለሌለ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ይነግረናል። ልጁ ጣቱን ጠርሙሱ ላይ አድርጎ «አልኮሆል» የሚለውን ቃልና ከጎኑ ያለውን ቁጥር አሳያቸው፤ 5.2 በመቶ። (ፊደሉ እንዲህ ደቅቆ ከጠርሙሱ ጠርዝ ላይ የሚታተመው ለማን እንደሆነ አይገባንም። መነጽር ያደረገችው ባልደረባችንም ተቸግራለች።) አባትየው ዕብራይስጥ ገና እየተማሩ ነው። ልጅ ለአባቱ ሲያነብ ብዙ ቤት ያስከትለውን ቁስል እናውቃለን፤ ኩፓት ሖሊም ውስጥ፣ ባንክ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ ተናጋሪ፣ አባቱ ሰሚ ይሆናል። በዚያ ምሽት ግን እናቱ ስለ ጌሾው፣ ልጁ ስለ ቁጥሩ ተነጋገሩ፤ አባትየውም ጠያቂ ሆኑ።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እዚሁ ላይ እናስረዳ። የቤት ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ አልኮሆል አለው፤ የተጣራ ጠላ ይበረታል። 3 በመቶ የሆነ ጠላ ግማሽ ሊትር ብንጠጣ 15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮሆል ጠጣን ማለት ነው። ያ የልጁ ትንሽ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ሲሆን በ5.2 በመቶ 17 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ትንሿ ጠርሙስ ከትልቁ ጣሳ በለጠች። በጣሳ የለመደ ሰው በጠርሙስ ቁጥር ከሄደ ሳያስበው ይሰክራል። እንግዲህ ይህ ዓይነት ለጀማሪ የሚመከረው ምሬቱ መጠነኛ ስለሆነና ኃይሉም ከተራው ቢራ ብዙ ስለማይርቅ ነው። ከዚያው ጠማቂ መደርደሪያ ላይ፣ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ፣ 7 ወይም 8 በመቶ የሆነ ሊኖር ይችላል። ሥዕሉን ሳይሆን ቁጥሩን እዩ።

አንድ ሌላ ግራ መጋባት አለ። «ቢራ ሽሖራ»፣ ማለት ጥቁር ቢራ፣ የሚሉት ጣፋጭ የብቅል መጠጥ ነው፤ አያሰክርም፣ ልጆችም ይጠጡታል። «ቢራ ኬሃ»፣ ማለት ጠቆር ያለ ቢራ፣ የሚሉት ግን እውነተኛ ቢራ ነው። አንዲት እናት ሁለቱን አሳስተው ለልጆች ልደት ኬሃውን ገዝተው ነበር፤ ደግነቱ ጎረቤት ቀድማ አየች። እዚህም ላይ የሚያድነው ቁጥሩ ነው።

በአገር ቤት ልጅን ጣሳ አስይዞ ወደ ጠላ ቤት መላክ ነውር አልነበረም። እዚህ ዕድሜው 18 ላልሞላ ልጅ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ልጃችሁን ወደ ማኮሌት አትላኩት፤ ባለሱቁ ቢመልሰው ንቆት አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ጠላም ሆነ ቢራ ጭራሽ ባትጠጣ ይሻላታል። ለሳምባ ነቀርሳ መከላከያ ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን በጥብቅ ያስተውል፦ ኢዞኒያዚድ የተባለው መድኃኒትና አልኮሆል አንድ ላይ ጉበትን ይጎዳሉ። ኪኒኑ እስኪያልቅ መጠጥ አይነካም፤ ጥርጣሬ ያለው ነርሷን ይጠይቅ። ቢራ ገብስ ስለሆነ በፔሳሕ ሐሜጽ ነው፤ በፋሲካ እርሾ የነካውን ሁሉ ከቤት ሲያወጡ ለኖሩ እናቶች ግን ይህን መናገር ትርፍ ነው።

ልንሄድ ስንነሣ ልጁ የመኪና ቁልፍ አንሥቶ «ላድርሳችሁ» አለ። በቅንነት ነው ያለው፤ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው የጠጣው። እምቢ አልነው። ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃዱም ገና ዓመት አልሞላውም። ለተራው ሾፌር የተፈቀደው ልክ በአንድ ሊትር እስትንፋስ 240 ማይክሮግራም አልኮሆል ሲሆን፣ ለአዲስ ሾፌር፣ ዕድሜው 24 ላልሞላና ለከባድ መኪና ወይም ለሕዝብ ማመላለሻ ነጂ ግን 50 ብቻ ነው። ይህ በሌላ ቋንቋ «ምንም አትቅመስ» ማለት ነው። ቡና ጠጥቻለሁ ማለትም አይረዳም፤ ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮሆሉን ከደም አያወጣም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚያወጣው። ልጁ ቁልፉን መልሶ ሰቀለ። አባትየው ይህን ሲያዩ ነበር፤ ምንም አላሉም፣ ግን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግራቸው ሸኙን።

መንገድ ላይ ቢራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅናቸው። ከብርጭቆአቸው ግማሹን ጠጥተው የቀረውን ለባለቤታቸው ገፍተውላቸው ነበር። «ምሬቱ ደህና ነው» አሉ። «ለብቻው መጠጣቱን ግን አሁንም አልወድለትም። ከጠጣ እኔ ፊት ይጠጣ።» ልጁ ይህን ይቀበል እንደሆን እኛ አናውቅም። ዕድሜው የራሱን ክፍል የሚያስፈልግበት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየው ስልክ ደወሉልን። ከሦስቱ ጠርሙሶች ሥር የቀረውን አተላ ያን ዕለት አልደፉትም ነበር። ከአበሻ ሱቅ ጌሾ ገዝተው፣ ሚርፔሴት ላይ ባለ ክዳን ባልዲ ውስጥ ጥንስስ ጥለው፣ አተላውን ጨምረውበታል። «ፈላ!» አሉን፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። ልጁ በየማታው ከሥራ ሲገባ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፤ የሥራ አለቃውም ሊቀምስ ይፈልጋል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ስለ ሽታው አንድ ጊዜ አንኳኩታ ነበር፤ ሲደርስ እንደሚሰጧት ቃል ገብተውላታል። ለመድረስ አንድ ሳምንት ይቀረዋል፤ እኛም ተጠርተናል። የምንሄደው በአውቶቡስ ነው።